ጃርት ሳጥን ላይ መጸዳዳት ትማራለች? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አማርኛ ለሁለት እንስሳት አንድ ስም ሰጥቷል። የድንች ማሳ የሚቆፍረው፣ ረጃጅም እሾህ ያለው ጃርት ሌላ ነው። እዚህ የምናወራው መዳፍ ላይ ስለምትቀመጠው፣ ከ300 እስከ 600 ግራም ስለምትመዝነው ነፍሳት በል ጃርት ነው። አገራችንም በዱር አለች፤ ለማዳ ሆና የምትሸጠው ግን በብዛት በአሜሪካና በአውሮፓ ነው። አሜሪካ ውስጥ በካሊፎርኒያና በጆርጂያ ግዛቶች፣ በኒው ዮርክ ከተማም እሷን ቤት ማቆየት ክልክል ነው፤ ሎስ አንጀለስ ወይም አትላንታ ላላችሁ ነገሩ እዚሁ ላይ ያበቃል።

«እንደ ድመት ናት፤ የመጸዳጃ ሳጥኑን አንዴ ካየች ይበቃታል»

ድመት ኩሷን ቆፍራ ትቀብራለች፤ ጃርት እንዲህ ያለ ተፈጥሮ የላትም። ሌሊቱን ስትዞር የምታድር እንስሳ ስለሆነች እየሄደች ትጥላለች። ቤት ውስጥ ደግሞ አብዝታ የምትሄደው የመሮጫ ጎማዋ (ውስጡ ስትሮጥ የሚሽከረከረው ክብ መጫወቻ) ላይ ነው። ጠዋት ሲያዩት ኩሱ በእግሯ ተረግጦ እንደ ጭቃ ተለጥፎ ደርቋል። ስለዚህ እሷን ወደ ሳጥኑ ከመጎተት ሳጥኑን ወደ እሷ መውሰድ ይቀላል፦ ዝርግ ትሪ ከጎማው ሥር ያድርጉ፣ ከጎማው መቆሚያ ዙሪያውን ትንሽ ይትረፍ፣ የመግቢያው ጠርዝ ከ4 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። ጎማው ከ28 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውና መሮጫው ድፍን ይሁን። የሽቦ ጎማ እግር ይሰብራል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በየጠዋቱ ሌላ ቦታ የወደቀውን ኩስ ለቅመው አንድ ሁለቱን ትሪው ላይ ይተዉ። ሽንቱን በሶፍት ጠርገው ሶፍቱን እዚያው ያስቀምጡት። ምግቧና መኝታዋ ከትሪው ይራቁ። ማታ ስትነቃ ቶሎ ስለምትጸዳዳ፣ ከማቀፍዎ በፊት ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ትሪው ላይ ያቆዩዋት። ይህችን ያልዘለለ ሰው ልብሱን ያተርፋል።

«የድመት አሸዋ (ድመት መጸዳጃ ሳጥን ውስጥ የሚደረገው) ይሆናታል»

በተለይ እርጥበት ሲነካው የሚጓጉለው አሸዋ አይሆንም። የወንዱ ብልት ሆዱ መሃል፣ እምብርት የሚመስለው ቦታ ላይ ነው፤ ሆዱ ደግሞ ለመሬት ቅርብ ነው። አሸዋው እዚያ ተጣብቆ ይደርቅና ያቆስለዋል። ሰጋቱራም ቢሆን የጥድ ዓይነት ሽታ ካለው ሳንባዋን ይጎዳል። የታመቀ የወረቀት እንክብል ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አድርገው ያንጥፉ። ለጀማሪ ግን ሽታ የሌለው ነጭ የወጥ ቤት ሶፍት ይሻላል፤ ርካሽ ነው፣ የሽንቱና የኩሱ ቀለምም ወዲያው ይታያል።

ትሪው ላይ የሚነጠፈው ምንጣፍ ሽቶ ካለበት ሌላም ነገር ያመጣል፦ አዲስ ሽታ ሲገጥማት ታኝክና አረፋ ደፍቃ፣ አንገቷን ጠምዝዛ አረፋውን እሾኋ ላይ ትቀባለች። የእብድ ውሻ በሽታ መስሏቸው የሚደነግጡ አሉ፤ ልማዷ ነው።

«ስታጠፋ መቆጣት ያስተምራታል»

ኳስ ሆና ትጠቀለላለች፣ እፍ እፍ እያለች በኃይል ትተነፍሳለች፣ ከዚያ እጅዎን ትፈራለች። ከኩሱ ጋር አታያይዘውም።

«ሁሉንም በየቀኑ ማጠብ ነው»

ሽታው ሁሉ ከጠፋ ትሪው የቱ እንደሆነ አታውቅም። በየቀኑ የቆሸሸውን ብቻ ያንሱ፤ ጎማውን በሞቀ ውሃ ይጥረጉ። ሙሉውን በሳምንት አንድ ጊዜ አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅለው ያጽዱ፤ ከአሮጌው ምንጣፍም ቁራጭ አስቀርተው አዲሱ ላይ ይመልሱ። አቼቶና በረኪና በፍጹም አይቀላቀሉም፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣቸዋል።

ማጠቢያው ደግሞ የወጥ ቤት ገንዳ አይሁን። ጤነኛ የምትመስል ጃርትም በኩሷ ሳልሞኔላ የተባለውን፣ ሰውን የሚያስቀምጥ ባክቴሪያ ልታወጣ ትችላለች። እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2019 አሜሪካ ውስጥ ከቤት ጃርቶች ጋር የተያያዘ ወረርሽኝ ተመዝግቧል። ትሪውን ከነኩ በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ባይነኩት ይመረጣል።

«አንዴ ከለመደች አለቀ»

ኩሱን አብዛኛውን ትሪው ላይ የምትጥል ጃርት ጎበዝ ናት። ሽንቱን ትሪው ላይ መልመድ ይዘገያል፤ ጨርሶ የማይለምዱም አሉ። ግልገሎች ቶሎ ቶሎ ስለሚጸዳዱ ይብሳሉ። የለመደችው በድንገት ከተወች መጀመሪያ የተለወጠውን ይፈልጉ፦ ትሪው ተንቀሳቅሷል? ምንጣፉ ተቀይሯል? ክፍሉስ ቀዝቅዟል? ሙቀቱ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሊሆን ይገባል፤ በጣም ሲወርድ ትደነዝዛለች፣ ይህም ሊገድላት ይችላል። ምግብ ሲቀየር ወይም ስትጨነቅ አረንጓዴ ኩስ ይታያል። ከሁለት ቀን ካለፈ፣ ንፍጥ ከያዘ ወይም መብላት ካቆመች ግን የእንስሳት ሐኪም ይያት። ነጩ ሶፍት ላይ ሮዝ ወይም ቀይ ሽንት ካዩ ሁለት ቀንም አይጠብቁ፤ ሶፍቱን በፕላስቲክ ጠቅልለው ይዘው ይሂዱ።