«ቤሬዚና ነው»፦ የአንድ የፈረንሳዮች አነጋገር ትርጉምና አመጣጥ

በፈረንሳይ አገር አንድ ታዋቂ የእግር ኳስ ቡድን በገዛ ሜዳው በሰፊ የግብ ልዩነት ሲሸነፍ፣ ወይም አንድ ትልቅ የፖለቲካ ፓርቲ በምርጫው ማግስት አብዛኞቹን መቀመጫዎቹን አጥቶ ሲገኝ፣ ሰዎች «ሴ ላ ቤሬዚና» ይላሉ፤ «ቤሬዚና ነው» እንደ ማለት ነው። በእኛ አነጋገር «አለቀ ደቀቀ» ወይም «እንዳልነበር ሆነ» ከምንለው ጋር ይቀራረባል። ይሁን እንጂ ፈረንሳዮች ይህን ቃል ለተራ ሽንፈት አያውሉትም። ሥርዓት ሲፈርስ፣ አለቃና ጭፍራ ሳይለይ ሁሉም እግሬ አውጪኝ ሲል የሚደርሰውን ዓይነት ውድቀት ለመግለጽ ያስቀምጡታል።

ቤሬዚና በዛሬዋ ቤላሩስ የሚፈስና ከድኒፐር ጋር የሚቀላቀል ወንዝ ነው። አነጋገሩን የወለደው የናፖሊዮን ቦናፓርት ጦር ከሞስኮ ሲመለስ ከኖቬምበር 26 እስከ 29 ቀን 1812 ድረስ በዚህ ወንዝ ላይ የደረሰበት መከራ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የሚያስገርመው ግን የፈረንሳይ ጦር በዚያ ወንዝ ላይ ያሰበውን መፈጸሙ ነው። ወንዙን ተሻግሯል፤ ሦስት የሩሲያ ጦሮች ከሦስት አቅጣጫ ሊዘጉበት ከነበረው ወጥመድም አምልጧል፤ ንጉሠ ነገሥቱም አልተማረከም። በጦርነት ስልት ብቻ ቢመዘን፣ ከዘመቻው ሁሉ ብልሃት ከታየባቸው ቀኖች የሚቆጠር ነው። ታዲያ አንድ ሕዝብ ከዚያ ሁሉ የስድስት ወር ጥፋት መካከል ይህን ስም መርጦ የውድቀት ሁሉ መጠሪያ ያደረገው ስለ ምንድን ነው? እኔ እንደማምነው ሕዝብ ታላቅ ጥፋትን የሚያስታውሰው ጥፋቱ በተፈጸመበት ጊዜና ቦታ አይደለም፤ ለዓይነ ኅሊና በሚመች ጊዜና ቦታ ሰብስቦ ያስታውሰዋል፤ ቤሬዚናም ለዚህ ግልጽ ማስረጃ ነው።

ናፖሊዮን ጁን 24 ቀን 1812 ኒየመን የተባለውን ወንዝ ተሻግሮ የሩሲያን ግዛት ሲረግጥ፣ «ታላቁ ጦር» የሚባለው ሠራዊቱ ከአራት መቶ ሺህ ሰው በላይ ነበር። ዓላማው ከእንግሊዝ ጋር የሚደረገውን ንግድ ለመዝጋት የወጣውን ደንብ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ አሌክሳንደር እንዲያከብር ማስገደድ ነበር። ከሠራዊቱ ግማሽ ያህሉ ፈረንሳዊ አልነበረም፤ ፖላንዳዊው፣ ጀርመኑ፣ ጣሊያናዊው፣ ደቹና ስዊሱ በአንድ ባንዲራ ሥር ተሰልፏል። ሻርል ዦዜፍ ሚናር የተባለው ፈረንሳዊ መሐንዲስ በ1869 የዚህን ዘመቻ ጉዞ የሠራዊቱን ቁጥር በመስመር ውፍረት በሚያሳይ አንድ ሥዕል አቅርቦታል። በሥዕሉ ላይ ኒየመንን የተሻገረው 422,000፣ ሞስኮ የደረሰው 100,000፣ ተመልሶ ኒየመንን የተሻገረው 10,000 ሰው ነው። መንገድ ለመጠበቅና ጎንን ለመሸፈን ወደ ኋላ የቀረው ተቀንሶ እንኳ፣ እጅግ ብዙው ሰው በረዶ ከመውረዱ በፊት፣ በበጋው ሙቀትና በመስኩ ላይ ማለቁን ይህ ሥዕል ያለ ምንም ንግግር ይናገራል።

የአሟሟቱ ዝርዝርም የታወቀ ነው። ፈረሶቹ ያልደረሰ አጃ እየበሉ ሆዳቸው ተነፍቶ በሺህ እየሞቱ መንገድ ላይ ቀሩ፤ ፈረስ ሲያልቅ የዱቄቱ ጋሪ ቆመ፤ ጋሪው ሲቆም ወታደሩ ተራበ፣ የቆሸሸ ውኃ ጠጣ፣ ተቅማጥና ተስቦ ያዘው። የሩሲያ ጦር እያፈገፈገ መሄዱ ደግሞ ጉዞውን ይበልጥ አረዘመው። ሴፕቴምበር 7 ቀን ቦሮዲኖ ላይ በአንድ ቀን ውጊያ ከናፖሊዮን ወገን 30,000 ያህል ሰው ሞተ ወይም ቆሰለ። ሴፕቴምበር 14 ቀን ሞስኮ ሲገባ ከተማዋ ባዶ ነበረች፤ ወዲያውም በእሳት ጋየች። ከአምስት ሳምንት ፍሬ ቢስ ጥበቃ በኋላ ኦክቶበር 19 ቀን ለቆ ሲወጣ ወደ ደቡብ ሊያመራ ሞክሮ ማሎያሮስላቬትስ ላይ ተገታ፤ ስለዚህም ራሱ ሲመጣ አራቁቶት ባለፈው በስሞሌንስክ መንገድ መመለስ ግድ ሆነበት። ይህ ውሳኔ ከቤሬዚና በፊት የአንድ ወር ያህል ዕድሜ አለው፤ የሠራዊቱ ዕጣ የተቆረጠውም በዚህ ጊዜ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አሁን ወደ ወንዙ እንምጣ። የሩሲያው አድሚራል የቺቻጎቭ ጦር ከደቡብ መጥቶ ኖቬምበር 21 ቀን የቦሪሶቭን ከተማና ድልድዩን ያዘ። የናፖሊዮን ማርሻል ኡዲኖ ከሁለት ቀን በኋላ ከተማዋን ቢያስለቅቅም ሩሲያውያን ሲወጡ ድልድዩን አፈረሱት። ሌሎቹ የሩሲያ ጦር አዛዦች፣ ከሰሜን ቪትገንሽታይን፣ ከኋላ ደግሞ ኩቱዞቭ፣ እየመጡ ነበር። ስለ ሩሲያ ክረምት የሚተረከውን ሁሉ የሚገለብጠው ነገር እዚህ ላይ ይገኛል፤ በዚያ ሳምንት ብርዱ ለዝቦ የወንዙ በረዶ ቀልጦ ነበር። ብርዱ በርትቶ ወንዙ ረግቶ ቢሆን ኖሮ ሠራዊቱ ድልድይ ሳያስፈልገው በላዩ ላይ ይሻገር ነበር። ጦሩን ለመጥፋት ያቀረበው የብርዱ መላላት ነበር ማለት ነው።

ጄኔራል ኮርቢኖ ከቦሪሶቭ በስተሰሜን ስቱዲያንካ በተባለች መንደር አጠገብ መሻገሪያ አገኘ። ናፖሊዮን በደቡብ በኩል የሚሻገር መስሎ ሲያታልል ቺቻጎቭ ጦሩን ወደዚያው ይዞ ወረደ። ቀጥሎ የሆነው የጄኔራል ዣን ባፕቲስት ኤብሌና የድልድይ ሠሪዎቹ ሥራ ነው። ጥቂት ቀደም ብሎ ኦርሻ ላይ፣ ፈረስ ለማትረፍ ሲባል የድልድይ ጀልባዎቹና ጓዛቸው እንዲቃጠሉ ታዝዞ ነበር፤ ኤብሌ ግን ስድስት ጋሪ መሣሪያ፣ ሁለት የብረት ማቅለጫ ምድጃና ሁለት ጋሪ ከሰል አስቀርቶ ነበር። እነዚህ ባይኖሩ «ቤሬዚና» የሚለው ቃል ዛሬ የንጉሠ ነገሥቱ መማረኪያ ስም ይሆን ነበር። ወታደሮቹ የስቱዲያንካን ጎጆዎች አፍርሰው ምሰሶና ወራጁን ለድልድይ እግር አዋሉት። አራት መቶ ያህል ፈረንሳውያንና ደቾች የበረዶ ቁራጭ በሚንሳፈፍበት ውኃ ውስጥ እስከ ደረታቸው፣ ሲጠልቅም እስከ ትከሻቸው ገብተው እየተፈራረቁ ሠሩ። ኖቬምበር 26 ቀን ከቀኑ ሰባት ሰዓት የእግረኛው ድልድይ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ የመድፉና የጋሪው ድልድይ ተጠናቀቀ። የጋሪው ድልድይ ከዚያ በኋላ ደጋግሞ ተሰበረ፤ ሲሰበር ያው ሰዎች በሌሊት ከእሳት ዳር ተነሥተው እንደገና ውኃው ውስጥ ገቡ። ከእነርሱ አብዛኞቹ ወደ አገራቸው አልተመለሱም፤ ኤብሌ ራሱም በዚያው ዓመት ዲሴምበር 31 ቀን ኮኒግስበርግ ላይ ሞተ።

ለአነጋገሩ ሥዕሉን የሰጠው ግን ከድልድዩ ወዲህ የቀረው ሕዝብ ነው። ከክፍሉ የተነጠለ ወታደር፣ ቁስለኛ፣ ስንቅ ሻጭ ሴት፣ ከሞስኮ የተከተለ ቤተሰብ በአሥር ሺህ እየተቆጠረ በምሥራቁ ዳርቻ ተከማችቶ ነበር። ድልድዮቹ በሌሊት ባዶ በነበሩበት ሰዓት ብዙዎቹ በድካም ዝለው ከለኮሱት እሳት ዳር አልነሣም አሉ። ኖቬምበር 28 ቀን የቪትገንሽታይን መድፍ በሕዝቡ መካከል ማረፍ ሲጀምር ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ሁለቱ ጠባብ ድልድዮች ጎረፈ፤ የተረገጠው፣ ወንዝ የገባውና የሰጠመው ቁጥር የለውም። ኤብሌ ድልድዮቹን በማግስቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ እንዲያቃጥል ታዝዞ ሳለ ጥቂት ሰው ይትረፍ ብሎ ከሰዓት በላይ ቆየ፤ ከዚያ በኋላ የሩሲያ ጦር ሲደርስ ለኮሰው። ከማዶ የቀሩት በሺዎች የሚቆጠሩ ነበሩ።

የአገሪቱ ትዝታ መቀረጽ የጀመረው የወንዙ ጭስ ሳይጠፋ ነው። ናፖሊዮን ዲሴምበር 3 ቀን የጻፈው 29ኛው የጦር ሜዳ መግለጫ በዲሴምበር 16 በፓሪስ ታትሞ ወጣ፤ ራሱም ሠራዊቱን ትቶ በ18 ከተማዋ ገባ። መግለጫው እስከ ኖቬምበር 6 ድረስ ሁሉ ደህና እንደነበረ፣ ከዚያ ወዲህ ግን ብርዱ ፈረሶቹን ፈጅቶ ሠራዊቱን እንዳዳከመ ይተርካል፤ የቤሬዚናን መሻገርም ጠላትን አታልሎ የተፈጸመ ሥራ አድርጎ ያቀርበዋል፤ በመጨረሻም የግርማዊነታቸው ጤና ከዚህ በፊት እንዲህ ተሽሎ እንደማያውቅ ይገልጻል። በየቤቱ ልጅና ወንድም የሚጠበቅ ሆኖ ሳለ እንዲህ ያለ ቃል መነገሩ ዛሬም የሚያሳዝን ነው። ሕዝቡ ይህን መግለጫ ከሁለት ከፈለው። ስለ ወንዙ የተነገረውን አልተቀበለም፤ ተመላሾቹ የነገሩት ሌላ ስለነበር ቤሬዚናን የጥፋት ስም አደረገው። ስለ ብርዱ የተነገረውን ግን ተቀበለ፤ «ያሸነፈን የሩሲያ ክረምት ነው» የሚለው አባባል እስከ ዛሬ አለ። ሁለቱ ትዝታዎች ተቃራኒ ቢመስሉም የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው፤ የጁንን ውሳኔና የበጋውን ሞት ከዓይን ያርቃሉ።

ክብሩስ እንዴት ተከፋፈለ? ማርሻል ኔይ ስለ ቦሮዲኖ ውጊያ በ1813 «የሞስኮቫ ልዑል» ተባለ፤ ፈረንሳዮች ያን ውጊያ በሞስኮቫ ወንዝ ስም ይጠሩታልና። 30,000 ሰው አስከፍሎ ጦርነቱን ያልቋጨው ወንዝ የማዕረግ ስም ሲሆን፣ የተረፈው ሁሉ የተረፈበት ወንዝ የውርደት ስም ሆነ። ኤብሌ በፓሪስ በስሙ የሚጠራ ጎዳና አለው፤ ሆኖም «ቤሬዚና ነው» የሚለው ተናጋሪ በውኃው ውስጥ የቆሙትን አራት መቶ ሰዎች አያስብም። ኖቬምበር 28 ቀን በምሥራቁ ዳርቻ መሻገሪያውን ሲከላከል የዋለው የማርሻል ቪክቶር ጦርም በአብዛኛው የባደንና የበርግ ጀርመኖች፣ ፖላንዳውያንም ነበሩ፤ የፈረንሳዮቹ አነጋገር እነዚህንም አያውቃቸውም። ይህ ግድፈት ቀላል ነው ብዬ አላልፈውም።

ያንኑ ቀን ስዊሶች ፈጽሞ በሌላ መልክ ይዘውታል። በምዕራቡ ዳርቻ ከቺቻጎቭ ጋር የተዋጉት 1,300 ያህል ስዊሶች ጥይት ሲያልቅባቸው በሳንጃ እየደጋገሙ ገጠሙ፤ በማግስቱ ስም ሲጠራ አቤት ያሉት 300 ገደማ ነበሩ። የግላሩሱ መኮንን ቶማስ ሌግለር በውጊያው ማለዳ ሕይወትን በሌሊት ከሚጓዝ መንገደኛ ጋር የሚያመሳስል አንድ የቆየ መዝሙር ዘምሮ ነበርና፣ ያ መዝሙር በስዊስ እስከ ዛሬ የቤሬዚና መዝሙር ይባላል። ስዊሶች የሚያከብሩት የማይቀረውን ሞት የተቀበሉበትን ሁኔታ ነው፤ ከሞቱ አሟሟቱ እንደሚባለው። ይህም የራሱ መሸፈኛ አለው፤ እነዚያ ሰዎች በሌላ ንጉሥ ጦርነት ውስጥ ምን ያደርጉ እንደነበር መዝሙሩ አይጠይቅም።

ሩሲያውያንም ከዚያው ወንዝ አንድ ተረትና ምሳሌ ቀድተዋል፤ የእነርሱ ቁጭት የናፖሊዮን ማምለጥ ነው። ኩቱዞቭ ቀስ ብሎ ይከተል ነበር፣ ቪትገንሽታይንም ጥንቃቄ አብዝቶ ነበር፤ ነገር ግን በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታልና ጥፋቱ ሁሉ በቺቻጎቭ ላይ ተደፋ። የባሕር ኃይል ሰው ሆኖ የምድር ጦር መምራቱ መሳለቂያ አደረገው። ኢቫን ክሪሎቭ በ1813 ባወጣው ተረት ውስጥ አንድ ዓሣ ከድመት ጋር አይጥ ላድን ብሎ ወጥቶ ጭራውን አይጦች ይበሉታል፤ የተረቱ መክፈቻም ጫማ ሰፊ ዳቦ ሲጋግር፣ ዳቦ ጋጋሪም ጫማ ሲሰፋ መከራ ነው ይላል። ይህ አባባል በሩሲያኛ ያለ ሙያው የገባን ሰው ለመንቀፍ ዛሬም ይነገራል፤ አድሚራሉ ግን ተማርሮ አገሩን ለቆ በ1849 ፓሪስ ላይ ሞተ።

በ2001 በሊትዌኒያ ዋና ከተማ በቪልኒየስ ለግንባታ ሲቆፈር ከ3,000 በላይ የዚህ ሠራዊት አፅም ተገኘ። በ2006 የታተመ ጥናት ከአፅሞቹ ጥርስ የተስቦ ምልክት አግኝቷል። በሽታው ከበጋው ጀምሮ ከሠራዊቱ ጋር የተጓዘ በመሆኑ፣ የአፅሞቹ ምስክርነት ከወንዙ ትረካ ይልቅ ለሚናር መስመሮች ያደላል።

አነጋገሩን ከጎረቤቱ ጋር ማነጻጸር ትርጉሙን ይበልጥ ያጠራዋል። እንግሊዞች ናፖሊዮን በ1815 ዋተርሉ ላይ ከደረሰበት ሽንፈት ወስደው አንድ ሰው «ዋተርሉውን አገኘ» ይላሉ፤ እዚያ ውስጥ ሲያሸንፍ የኖረ ሰው አለ፣ በመጨረሻ የጣለው ባላጋራም አለ። «ቤሬዚና ነው» ውስጥ ግን አሸናፊ የለም፣ ተጠያቂም የለም፤ ወንዝና የፈረሰ ሰልፍ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ፈረንሳዊው ጋዜጠኛ በብርቱ ተፎካካሪ የተሸነፈን ፓርቲ በዚህ ቃል አይጠራውም። መሪዎቹ እርስ በርሳቸው ሲካሰሱ፣ እጩዎቹ ሲኮበልሉ፣ ማን እንዳዘዘና ማን እንደታዘዘ ሳይታወቅ ሁሉም ነገር ሲፈርስ ግን ቃሉን ይጠቀምበታል።