ቅኝት ምንድን ነው? «የዘንድሮ ዘፈን ቅኝት የለውም» ለሚሉ

«የዘንድሮ ልጆች ዘፈን ቅኝት የለውም፤ ጩኸት ብቻ ነው።» ይህን ነገር በየአዲሱ ክሊፕ ሥር አነበዋለሁ። ታክሲ ውስጥም እሰማዋለሁ። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ትልቅ ሰው በራዲዮ ሲናገሩት ሰማሁ፤ አቅራቢውም «ልክ ነዎት» ብሎ ወደ ማስታወቂያ ገባ።

ልክ አይደሉም። ዘፈኑን ላይወዱት ይችላሉ፤ መብታቸው ነው። እኔም የማልወዳቸው ብዙ አሉ። «ቅኝት የለውም» ማለት ግን የመውደድና የመጥላት ጉዳይ አይደለም። ክራር ወይም ኪቦርድ ይዞ ሊጣራ የሚችል ነገር ነው። ሲጣራ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቅኝቱ እዚያው ቁጭ ብሎ ይገኛል።

አራቱ ዋና ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል እና አንቺ ሆዬ ለኔ ናቸው። ስማቸውን የማያውቅ የለም፣ እዚያ ላይ አልቆይም። ሰው የሚስተው ቅኝት ከምን ከምን እንደሚሠራ ነው። ቅኝት የሚሠራው ዜማው ከሚመላለስባቸው ድምፆች፣ በመካከላቸው ካለው ርቀት እና ዜማው ከሚያርፍበት ድምፅ ነው።

አምስት ቤት ብቻ ያለበት አንድ ሰፈር አስቡ። ዜማው ከቤት ቤት ይዞራል፣ ጎራ ይላል፣ ይጫወታል። ሲመሽ ግን የሚያድረው አንድ ቤት ነው። ትዝታም ባቲም ሜጀርና ማይነር የሚባል ሁለት ሁለት ዓይነት አላቸው። ትዝታ ሜጀርን ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶ፣ ላ ብላችሁ ተጫወቱት፤ ማደሪያው ዶ ነው። አሁን አምስቱን ድምፆች ምንም ሳትነኩ ማደሪያውን ላ አድርጉት። ባቲ ማይነር ገባችሁ። አንድም ቤት አልፈረሰም፣ አንድም ቤት አልተሠራም። ትዝታ ማይነርና አምባሰልም እንዲሁ ጎረቤት ብቻ አይደሉም፣ አንድ ሰፈር ናቸው። የትዝታ ማይነርን ድምፆች ይዛችሁ ሶ ላይ ብታድሩ አምባሰል ውስጥ ናችሁ። (ክራር የሚመታ ሰው እዚህ ጋ «ማደሪያው ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ ቅኝት የራሱ አካሄድ፣ የራሱ መመላለሻ አለው» ይለኛል። እውነቱን ነው። ድምፆቹን መደርደር ብቻውን ባቲ አያስብልም።)

ክራር የሚቃኝን ሰው ጠጋ ብላችሁ እዩት። ከትዝታ ሜጀር ወደ ትዝታ ማይነር ሲሄድ የሚነካው ሁለት ክር ብቻ ነው፤ ሚን እና ላን። ሁለቱንም ላላ ያደርጋቸዋል፣ ግማሽ ድምፅ ያህል። ጆሮውን ጠጋ አድርጎ አንዴ ይመታል፣ ትንሽ ይመልሳል፣ እንደገና ይመታል። ሌሎቹ ክሮች ባሉበት ናቸው። ያው ክራር፣ ያው ጣት፣ ግን ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ፊቱ ይለወጣል።

እንግዲህ እዚህ ውስጥ ከበሮ የት አለ? ፍጥነት የት አለ? ግጥም፣ የዘፋኙ ዕድሜ፣ የፀጉሩ አቆራረጥ የት አለ? የለም። ከኮምፒውተር የወጣው ከበሮ ሰፈሩ ውስጥ ያለ ቤት አይደለም፤ በመንገዱ የሚያልፍ መኪና ነው። መኪናው ሊረብሽ ይችላል። መኪና ስለበዛ ግን «ሰፈሩ የለም» አይባልም። ወጣቱ ሙዚቀኛ ሮፍናን በ2010 ዓ.ም. «ነፀብራቅ» የተሰኘ አልበሙን ሲያወጣ የኤሌክትሮኒክ ዳንስ ሙዚቃን ከአገር ቤት ድምፅ ጋር አደባልቆ ነው የመጣው። ቢቱ (የከበሮው ምት) የከበደው ጆሮ ሌላውን ሳይሰማ ያልፋል። ጆሮ ባልለመደው ድምፅ ሲወጠር መጀመሪያ የሚያመልጠው ዜማው ነው። ይህ በሁላችንም ላይ ይደርሳል። ስህተቱ «አልሰማሁትም» ማለት ሲገባን «የለም» ማለታችን ነው።

ትችቱ ሁልጊዜ የሚነጻጸረው ከ«ወርቃማው ዘመን» ጋር ስለሆነ ወደዚያው እንሂድ። እኔም ያን ዘመን እወደዋለሁ፣ በፍቅር ነው የማስተምረው። ግን ምን እንደነበር እናስታውስ። ሳክስፎን፣ ትራምፔት፣ ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ኦርጋን። አንዳቸውም የአገር ቤት መሣሪያ አይደሉም። የናስ መሣሪያ አዲስ አበባ ላይ ትልቅ ጉልበት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ባመጧቸው አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች እና በመሪያቸው በኬቮርክ ናልባንዲያን በኩል ነው። ከዚያ ክብር ዘበኛ፣ ፖሊስ ሠራዊት፣ ምድር ጦር እያለ ኦርኬስትራው ተስፋፋ። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን ከፍቶ ሸክላ ማሳተም ሲጀምር ዓለማየሁ እሸቴም ማህሙድ አህመድም ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ዛሬ የአባቶች ሙዚቃ የምንለው የዚያን ጊዜ የልጆች ሙዚቃ ነበር። «አዝማሪ» የሚለው ቃል እንደ ስድብ በሚወረወርበት አገር ልጁ ዘፋኝ ልሁን ሲል ደስ ያለው ቤተሰብ ብዙ አልነበረም።

ቅኝትን በጥብቅ ሚዛን እንመዝን ካልንም ሚዛኑ መጀመሪያ የሚጥለው ያንኑ ዘመን ነው። ትዝታ ሜጀር ውስጥ ፋ የለም። አቀናባሪው ከሥር የፋ ሜጀርን ኮርድ (በፋ ላይ ተደራርበው አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆችን) ካስገባ ግን ፋ መጣ። የዘመኑ ኦርኬስትራ እንዲህ ያለ እንግዳ ሞልቶታል፤ ባሱ ላይ፣ ናሱ ላይ፣ ኦርጋኑ ላይ። ሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝን የሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ዜማውን በአምስቱ ድምፆች ይዞ ሃርመኒውን (ከዜማው ጋር አብረው የሚደራረቡትን ድምፆች) ከፒያኖው አሥራ ሁለት ድምፆች ይወስዳል። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን ሲያወጣው መሣሪያው የፈረንጅ ነው፣ አወጣጡ ግን የጦር ሜዳ ድምፅ ነው። ቅኝቱ ጠፋ ያለው ማን ነው? ማንም። ጋሼ፣ በአክብሮት ልጠይቅዎት፤ ለእነሱ የፈቀድነውን እንግዳ ለዘንድሮዎቹ የምንከለክለው በምን ሕግ ነው?

አንድ ሌላ ስህተት አለ፣ ከዚሁ የሚወለድ። ቀስ ያለና ያዘነ ዘፈን ሁሉ «ትዝታ» ይባላል፤ ፈጣን ከሆነ አይባልም። ትዝታ በፍጥነትም ይዘፈናል፣ ይጨፈርበታልም። በአምባሰልና በባቲ የሚያስለቅሱ ዘፈኖችም ሞልተዋል።

ይህን ስል ግን አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። አራቱን ቅኝቶች እንዲህ በዶ ሬ ሚ ደርድረን የምናስተምረው ለትምህርት ስለሚመች ነው። የክራሩ ድምፅ ከፒያኖው ቁልፍ ጋር ሁልጊዜ ልክ አይገጥምም፤ በተለይ አንቺ ሆዬ ለኔ ላይ ፒያኖ ይቸገራል። አራቱም ቢሆኑ አገሩን በሙሉ አይሸፍኑም። የዶርዜን ሰዎች የብዙ ድምፅ ዘፈን በእነዚህ አራት ሳጥኖች ልክተት ብትሉ አይገባላችሁም፤ ዘፈኑ ግን እጅግ የተራቀቀ ነው። የቤተ ክርስቲያን ዜማም ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚል የራሱ ሥርዓት አለው፤ ከባቲና ከአምባሰል ጋር ባይቀላቀል መልካም ነው። ስለዚህ አንድ ወጣት ከአራቱ ውጭ ቢዘፍን እንኳ ጥፋት አልሠራም። ምናልባት የአያቱን አገር ዜማ እየዘፈነ ነው።

ታዲያ የትልልቆቹ ቅሬታ ባዶ ነው? አይደለም። የሆነ ነገር እንደጎደለ ጆሯቸው ይነግራቸዋል፤ ስሙን ነው የሳቱት። የጎደለው በድምፅና በድምፅ መካከል ያለው መንገድ ነው። መሲንቆ የሚመታ አዝማሪን ስሙት። ከሬ ወደ ዶ ሲወርድ ዘሎ አይወርድም። ጣቱ ክሩ ላይ ይንሸራተታል፣ ድምፁ አብሮት ይንሸራተታል፣ መሀል ላይ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ዶ ላይ ይቀመጣል። ለእኔ ዘፈኑ ያለው እዚያ መንሸራተት ውስጥ ነው።

ኦቶቲዩን የሚበላው ይህንን ነው። ሶፍትዌሩ የዘፋኙን ድምፅ ይይዝና አቅራቢያው ወዳለው ትክክለኛ ድምፅ ይጎትተዋል። ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚጎትት የሚወስን ማስተካከያ አለው። ቀስ እንዲል ካደረጉት የጉሮሮው መንቀጥቀጥ በከፊል ይተርፋል፤ እስከ መጨረሻው ካፈጠኑት ድምፁ ደረጃ ደረጃ ይሆናል። በዚያ ላይ የሚታረምባቸውን ድምፆች መምረጥም ይቻላል። አቀናባሪው ከአሥራ ሁለቱ ሰባቱን ዘግቶ የትዝታን አምስቱን ብቻ ክፍት ቢተው ዘፋኙ ቢሳሳት እንኳ ከቅኝቱ መውጣት አይችልም። እንዲህ የተሠራ ዘፈን ከማንኛውም መሲንቆ ይልቅ ቅኝቱን አጥብቆ የያዘ ነው። አያቶቻችን ግን ያንን መንሸራተት ይፈልጉበትና ያጡታል፤ በዚህ በዚህ ከእነሱ ጋር ነኝ።