ቼስተርተን የሌለችበት «ቼስተርተን»

የድሮ የእንግሊዝ ሰነድ ላይ «ሩራል ዲስትሪክት» የሚል ካያችሁ «ገጠር ማለት ነው» ብላችሁ አትለፉት። ከካውንቲ (ሰፊው የአካባቢ አስተዳደር) በታች፣ ከፓሪሽ (ትንሹ የአካባቢ አስተዳደር) በላይ የነበረ የአስተዳደር እርከን ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 በወጣ ሕግ ተቋቋመ። የተመረጠ ምክር ቤት ነበረው። ሥራውም የሰው ጓዳ ድረስ ይገባል፤ የውኃ፣ የፍሳሽ፣ በኋላም የኪራይ ቤቶች ጉዳይ።

ግራ የሚያጋባው ስሙ ነው። ቼስተርተንን እንውሰድ። ይህ ሩራል ዲስትሪክት (የገጠር ወረዳ) ካምብሪጅ ከተማን እንደ ቀለበት ከቧት ነበር። ቼስተርተን የምትባለዋ መንደር ግን ውስጡ የለችም! ከተማ ቀመስ ስለነበረች የራሷ የከተማ ወረዳ ነበራት፤ ኋላም ካምብሪጅ ዋጠቻት። ስሟ ብቻ ገጠሩ ላይ ቀረ። እዚያ ተወልደው ያለፉ ዘመዶቹን መዝገብ የሚፈልግ ሰው በዚህ ምክንያት የማይሆን ቦታ ሲፈልግ ሊውል ይችላል። ያሳዝናል።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 1974 የእንግሊዝ ሩራል ዲስትሪክቶች በሙሉ ፈረሱ። ቼስተርተንም ከጎረቤቱ ከሳውዝ ካምብሪጅሻየር ሩራል ዲስትሪክት ጋር ተዋሃደ። አዲሱ ወረዳም ሳውዝ ካምብሪጅሻየር ተባለ። ስሙ ያው ነው፣ ስፋቱ ግን ሌላ። ስለዚህ መጀመሪያ ሰነዱ የተጻፈበትን ዓመት እዩ።