ጉንዳን በቤት ውስጥ ማርባት፦ አመጋገብና ምልከታ

ጉንዳን በቤት ማርባት ማለት አንዲት ንግሥትና ልጆቿን በመስታወት፣ በጄሶ ወይም ውስጡ በሚታይ ፕላስቲክ በተሠራ ጎጆ አኑሮ መመገብና ኑሯቸውን መከታተል ነው። ከደቃቁ ቁጫጭ እስከ ትልልቆቹ ድረስ ሳይንስ ስም ያወጣላቸው የጉንዳን ዝርያዎች ከ14 ሺህ ይበልጣሉ። በቤት የሚረቡት ግን ጥቂቶቹ ናቸው። ጉንዳን እንደ ውሻ አይዳበስም፣ ሲጠሩትም አይመጣም። ደስታው ያለው ማየቱ ላይ ነው። ለማየት ደግሞ ከምግብ ሰዓት የተሻለ ጊዜ የለም። በዚህ ሥራ መመገብና መመልከት ተነጣጥለው አይሄዱም።

የዚህ ልማድ ታሪክ ሲነሳ እንግሊዛዊው ጆን ላቦክ ሰፊ ቦታ ይገባዋል። ሰውየው ባንክ ቤት የሚሠራ፣ የፓርላማ አባልም የነበረ ነው። ልጅ ሳለ ቻርልስ ዳርዊን ጎረቤቱ ነበር። ላቦክ ሁለት መስታወቶችን በስስ ክፍተት ለይቶ መሃላቸው ደቃቅ አፈር አደረገ። ጉንዳኖቹ እንዳያመልጡ ዙሪያውን በውሃ ከበበ። ከዚያ እያንዳንዷን በቀለም ነጥብ እየለየ የትኛዋ የት እንደሄደች ይመዘግብ ጀመር። ፉጨት ነፋ፣ ቫዮሊን ተጫወተ፣ ራሱም ጮኸ። ጉንዳኖቹ ንቅንቅ አላሉም። በአየር የሚመጣ ድምፅ ብዙም እንደማይሰማቸው፣ የረገጡት ነገር ሲንቀጠቀጥ ግን ወዲያው እንደሚያውቁ ዛሬ ግልጽ ነው። ከሁሉ የሚደንቀው የብርሃን ሙከራው ነው። ለሰው ዓይን የማይታየው አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያርፍባቸው ልጆቻቸውን ተሸክመው ይሸሻሉ። ቀይ ብርሃን ግን እንደ ጨለማ ነበር የሚሆንላቸው። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1882 በመጽሐፍ አወጣ። ካኖራቸው ንግሥቶች አንዷ ወደ 15 ዓመት ኖራ በ1888 ሞተች። በኋላ የሌላ ዝርያ ንግሥት በሰው እጅ ከ28 ዓመት በላይ መኖሯ ተመዝግቧል።

ፈረንሳዊው ሻርል ዣኔ የጄሶ ጎጆውን እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1956 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ በአሸዋ የተሞላ ስስ የፕላስቲክ ጎጆ ለልጆች መጫወቻነት መሸጥ ጀመረ። ብዙ ልጆችን ከጉንዳን ጋር አስተዋውቋል፣ ይህን መካድ አይቻልም። ግን ንግሥት አልነበረውም። ንግሥት የሌለው ቤት ልጅ አይወልድም፤ ጥቂት ወራት ቆይቶ ያልቃል። እውነተኛው ማርባት ከንግሥት ነው የሚጀምረው።

ንግሥቷ ከመራቢያ በረራዋ በኋላ ክንፏን ጥላ መሬት ላይ ስትንከራተት ትገኛለች። ማረፊያዋ ቀላል ነው። በላብራቶሪ ቱቦ ውስጥ ትንሽ ውሃ ይደረጋል፣ ውሃው በጥጥ ይደፈናል፣ እሷ ገብታ አፉ በሌላ ጥጥ ይዘጋል፣ ቱቦው ጨለማ ቦታ ይቀመጣል። የብዙ ዝርያዎች ንግሥት በዚህ ጊዜ ምንም አትበላም። ከእንግዲህ የማትፈልገውን የክንፍ ጡንቻዋን እያቀለጠች የመጀመሪያ ልጆቿን ትመግባለች። ሳምንታት ይፈጃል። እዚህ ላይ ዋናው ጥፋት ቶሎ ቶሎ ማየት ነው። የተረበሸች ንግሥት እንቁላሏን ልትበላ ትችላለች። በሳምንት አንዴ ገረፍ አድርጎ ማየት ይበቃል።

የመጀመሪያ ልጆቿ፣ ማለትም ሠራተኞቹ፣ ሲፈለፈሉ ምግብ ይጀመራል። ትልልቆቹ የሚፈልጉት ጉልበት፣ ማለትም ስኳር ነው። እጮቹ ደግሞ ለማደግ ፕሮቲን ይሻሉ። ስለዚህ አንድ ጠብታ የስኳር ውሃና አንድ ትኩስ የሞተ ነፍሳት ይቀርባል። ለትንሽ ቤተሰብ የአንድ ፌንጣ እግር እንኳ ይተርፋል። መድኃኒት የተረጨበት ነፍሳት ቤቱን በሙሉ ሊጨርስ ስለሚችል ከየትም የተለቀመ አይሰጥም። የተረፈው ሳይሻግት በማግስቱ ይወጣል። ማርና ስኳር የቱ ይሻላል የሚለው ያከራክራል። ማር ወፍራም ስለሆነ ትንንሾቹን አጣብቆ ሊገድል ይችላል፤ ስለዚህ በውሃ ይቅጠን። እህል ለቃሚዎቹ ዝርያዎች ግን ዋና ቀለባቸው ዘር ነው። ልጠው፣ አኝከው፣ እንደ ሊጥ ያደርጉታል።

አሁን አጉሊ መነጽር ያዙ። አንዷ ጠብታው ጠርዝ ላይ ቆማ ትጠጣለች። ሆዷ እየተነፋ ሲሄድ ጥቋቁሩ ቅርፊት ይራራቅና መሃሉ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ቆዳ ይታያል። ስኳሩ ላይ ቀይ የምግብ ቀለም ከተጨመረ ሆዷ ራሱ ይቀላል። ከዚያ ወደ ጎጆ ትገባለች። እህቷ በአንቴና ፊቷን መታ መታ ታደርጋታለች። አፍ ለአፍ ይገጥማሉ፣ ጠብታው ከአንዷ ወደ ሌላዋ ይተላለፋል። የጠጣችው ለራሷ ብቻ አልነበረም። ያጠራቀመችው የጋራ ሆድ በሚባለው ከረጢት ውስጥ ነው። ጥቂት ቆይቶ ቀለሙ ውጭ ባልወጡት ሆድ ውስጥ ይታያል። አንድ ጠብታ ቤቱን ሲዞር እንዲህ በዓይን መከተል ይቻላል።

ጎጆው ላይ ቀይ ፕላስቲክ መሸፈን የተለመደ ነው፤ መነሻው የላቦክ ሙከራ ነው። ሁሉም ዝርያ ቀይን አያይም ማለት ግን አይቻልም። ማምለጥን ለመከላከል ታልክ ፓውደር በአልኮል ተበጥብጦ የሳጥኑ ጠርዝ ይቀባል። ከብርዳማ አገር የመጡት ክረምቱን በቅዝቃዜ ማረፍ አለባቸው።

የሕጉ ነገር ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 ኬንያ ውስጥ ወደ 5,000 ጉንዳን በቱቦ ይዘው የተገኙ ሁለት ወጣት ቤልጅጎች 1 ሚሊዮን ሽልንግ ወይም 12 ወር እስር ተፈርዶባቸዋል። የሌላ አገር ዝርያ ውጭ ቢለቀቅ የአገሩን ጉንዳን ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ ጀማሪ በአካባቢው ካለ ዝርያ ቢጀምር ይመረጣል፤ ማርባቱ ቢሰለቸው ንግሥቲቱን ካነሳበት ቦታ መመለስ ይችላል።