ሚዲው አልተበላሸም፤ አምባሰልንም አልገደለም

ባለፈው ሳምንት ከኮምቦልቻ አንድ ልጅ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ የገዛሁት ሚዲ ኪቦርድ ተበላሽቷል። መብራቱ ይበራል፣ ድምፅ ግን የለውም።» አብሽር፣ አልተበላሸም። ደሴ ውስጥ ኪቦርድ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ይህን ስንቴ እንደመለስኩ ቁጥሩ ጠፍቶኛል።

ሚዲ ኪቦርድና ኮምፒውተር የሚነጋገሩበት ቋንቋ ነው፤ ድምፅ አይደለም፤ መልእክት ነው። ከመሀለኛዋ ዶ በላይ ያለችውን ሚ ስትነኩ በገመዱ የሚያልፈው «64 ተነካች፣ ጉልበቷ 90» የሚል ነገር ነው፤ 64 የኖታዋ ቁጥር፣ ጉልበት ደግሞ የአነካኩ ብርታት ነው። ጣት ሲነሳ ደግሞ «64 ተለቀቀች» ይላል። አለቀ። ድምፁን የሚያወጣው ላፕቶፑ ላይ የጫናችሁት የድምፅ ፕሮግራም ነው። ያው መልእክት ለፒያኖ ከተሰጠ ፒያኖ፣ ለክራር ከተሰጠ ክራር ይሆናል።

«ውድ ኪቦርድ ካልገዛሁ አልጀምርም» ሰበብ ነው። ለመጀመሪያ ባለ 25 ቁልፉ ይበቃል። «ሚዲ ይዘገያል» ለምትሉ፦ አብዛኛውን ጊዜ የሚዘገየው ኮምፒውተሩ ነው፤ በድምፅ ፕሮግራሙ ውስጥ በፈሩን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ድምፁን ከማውጣቱ በፊት የሚያጠራቅምበትን፣ ቀንሱ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። «ሚዲ የፈረንጅ ነው፤ ቅኝታችን አይወጣበትም።» ይህን የሚሉኝ ደግሞ የወሎ ልጆች ናቸው! (በነገራችን ላይ፣ በ1983 እ.ኤ.አ. ሚዲን ካወጡት ሰዎች አንዱ ጃፓናዊው ኢኩታሮ ካኬሃሺ ነው።) አምባሰልም ባቲም እኮ የገዛ አገራችን ስሞች ናቸው። እስቲ ነጮቹን ቁልፎች ብቻ ንኩ። ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ፦ አምባሰል። ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ፦ ባቲ። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፦ ትዝታ። አንዲት ጥቁር የምትጠይቀው አንቺሆዬ ናት፦ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል ሻርፕ።

«እንደ ማሲንቆው ግን አይሆንም» ካላችሁ፣ እዚህ ላይ እውነት አላችሁ። የማሲንቆ ጣት በሁለት የፒያኖ ቁልፎች መሀል ያርፋል። ጥፋቱ ግን የሚዲ አይደለም። መልእክቱ «64» ይላል እንጂ 64 ምን ያህል ትቅጠን አይልም፤ ያንን የሚወስነው የድምፅ ፕሮግራሙ ነው። ቅኝቱን እዚያው ቀይሩ። እሱ እምቢ ካለ ፒች ቤንድ (ኖታን ወደ ላይም ወደ ታችም የሚጎትት መልእክት) አለ፣ 16,384 እርከን ያለው። በተለመደው አቀማመጥ አንድ ግማሽ ድምፅ (ከአንድ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ፣ ጥቁሩም ተቆጥሮ) ብቻውን 4,096 እርከን ይደርሰዋል። ከዚህ በላይ ምን ይምጣላችሁ? ቤንዱ ግን በአንድ ቻናል (በአንድ የመልእክት መስመር) ያሉትን ኖታዎች በሙሉ ነው የሚጎትተው። ስለዚህ ለማሲንቆው የራሱን ቻናል ስጡት፤ 16 አሉላችሁ።

አንድ ተማሪዬ አምባሰል ሠርቶ አመጣ። «ይኸው፣ ሚዲ ገደለው» አለኝ። ከፍቼ ሳየው ሁሉንም በማውዝ ነው የጻፈው። የሁሉም ኖታ ጉልበት 100። ሁሉም በኳንታይዝ (ኖታዎችን እኩል በተከፋፈለ የጊዜ መስመር ላይ በሚያስቀምጠው) መስመር ላይ ቀጥ ብለው ቆመዋል፣ እንደ ሰልፈኛ። የትኛው አዝማሪ ነው እንዲህ የሚጫወተው? ኳንታይዙን አነሳን። ጉልበቱን ከ50 እስከ 110 እያዘበራረቅን አስተካከልን። ፋዋን ከሚ እየጎተትን በቤንድ አስገባናት። ልጁ ሦስቴ መልሶ ሰማው። «ቤትህ ሂድና በማውዝ ሳይሆን በጣትህ ቅዳው» ብዬ ሸኘሁት።

የኮምቦልቻውን ልጅ ደግሞ የድምፅ ፕሮግራም ጫን ብየዋለሁ። እስካሁን አልደወለም።