ዊንዶውስ 11 ያለ ማይክሮሶፍት አካውንት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዲስ ላፕቶፕ ሲከፈት ዊንዶውስ 11 አገርና ኪቦርድ ያስመርጥና ኢንተርኔት ይጠይቃል፤ ቀጥሎ የማይክሮሶፍት አካውንት፣ ማለትም በኢሜይል የሚከፈት የኢንተርኔት አካውንት፣ ይፈልጋል። «ሆም» በተባለው እትም ገጹ ላይ ይህን ለመዝለል የሚያስችል ቁልፍ አይታይም። የቤት ኮምፒውተር በባለቤቱ ስምና ፓስዎርድ ብቻ መከፈት መቻል አለበት ብዬ አምናለሁ። ጉዳዩን የሚያከብደው ግን በዙሪያው የሚወራው የተሳሳተ ወሬ ነው።

«ያለ አካውንት ዊንዶውስ ሙሉ ሆኖ አይሠራም»

ይሠራል። ሎካል አካውንት የሚባለው፣ ማለትም ስሙም ፓስዎርዱም እዚያው ኮምፒውተር ላይ ብቻ የሚቀመጠው አካውንት፣ ዛሬም የዊንዶውስ አካል ነው። አፕዴት ይወርዳል፣ ዲፌንደር የተባለው ጸረ ቫይረስ ይሠራል፣ ፕሪንተሩም ያትማል። ላይሰንሱ፣ ማለትም የዊንዶውስ የመጠቀሚያ ፈቃዱ፣ የሚታሰረው ከማሽኑ ጋር ስለሆነ አክቲቬሽኑ (የፈቃዱ መጽደቅ) አይጠፋም። የሚቀረው ፋይል በኢንተርኔት የሚያስቀምጠው ዋንድራይቭ፣ የጠፋ ኮምፒውተር ፍለጋ እና ከስቶር ዕቃ መግዛት ነው። ፒን መጠቀምም ይቻላል፤ ፒን የኢንተርኔት አካውንት ነገር አይደለም።

«ኢንተርኔቱን ካላገናኘሁት ራሱ ያልፈኛል»

ይህ በዊንዶውስ 10 ዘመን እውነት ነበር። ዊንዶውስ 11 በፈረንጆች 2021 ሲወጣ ግን የሆም እትሙ ኢንተርኔትና አካውንት ግዴታ አደረገ፤ በ2022 የወጣው ማሻሻያ ደግሞ ፕሮ የተባለውን እትም ለግል አገልግሎት ሲሆን እዚያው ውስጥ ከተተው። ሰዎች ሺፍትና ኤፍ10 ተጭነው ትእዛዝ በመጻፍ ያልፉት ነበር። ማይክሮሶፍት በማርች 2025 ከመካከላቸው በጣም የታወቀውን ከሙከራ እትሙ አነሣ፤ በኦክቶበር 2025 ደግሞ ሌሎቹንም ከሙከራ እትሞቹ እያስወጣ መሆኑን አስታወቀ። ስለዚህ ከሁለት ዓመት በፊት በቪዲዮ የተማሩት ዘዴ እምቢ ቢል እርስዎ አልተሳሳቱም፤ በሩ እየጠበበ ነው።

ፕሮ ያለው ሰው ቀላል መንገድ አለው። «ለሥራ ወይም ለትምህርት ቤት» የሚለውን መርጦ፣ ከመግቢያ አማራጮች ውስጥ «ዶሜይን ጆይን ኢንስቴድ» የሚለውን ሲጫን ስምና ፓስዎርድ ብቻ ይጠየቃል፤ ከየትኛውም ድርጅት ጋር አይገናኝም። ሆም ያለው ደግሞ ሩፈስ በተባለው ነጻ ፕሮግራም የዊንዶውስ ፍላሽ ሲያዘጋጅ የአካውንቱን ግዴታ የሚያነሣ ምርጫ ያገኛል። ይህ ኮምፒውተሩን እንደ አዲስ መጫን ስለሆነ በውስጡ ያለው ፋይል አስቀድሞ ሌላ ቦታ ይቀመጥ።

«አንዴ በኢሜይል ከከፈትኩት አብቅቷል»

አላበቃም። ሴቲንግ ውስጥ ገብተው አካውንትስ፣ ከዚያ «ዩር ኢንፎ» በሚለው ስር ወደ ሎካል አካውንት መቀየር ይቻላል። ፋይልም ፕሮግራምም አይጠፋም። ከመቀየርዎ በፊት ግን ቀጥሎ ያለውን ያንብቡ።

«ፓስዎርዴን እስካወቅሁ ፋይሌ የእኔ ነው»

ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው። በ2024 ከወጣው 24ኤች2 ከተባለው እትም ጀምሮ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫንና በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈት፣ በአብዛኞቹ ኮምፒውተሮች ላይ ዲስኩ ራሱ ይመሰጠራል፤ ማለትም ያለ መክፈቻ ቁልፍ እንዳይነበብ ይቆለፋል። መክፈቻው 48 አኃዝ ያለው ቁልፍ ሲሆን የሚቀመጠው በዚያ በተከፈተበት አካውንት ውስጥ ነው። ባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሣው መሠረታዊ ፕሮግራም) ሲታደስ ወይም ማዘርቦርድ ሲቀየር ኮምፒውተሩ ይህን ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል፤ ያኔ ፓስዎርድ አያድንም።

እኛ ዘንድ ይህ ጉዳይ በጣም የቀረበ ነው። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ የሚላክ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ በላኪው ዘመድ ኢሜይል ተሞክሮ ይመጣል፤ ሱቅ የተገዛውም በሻጩ ኢሜይል ተከፍቶ ሊሆን ይችላል። ቁልፉ ያለው እነሱ ጋ ነው፤ የሱቁ ሰው ያንን ኢሜይል ረስቶት ከሆነ ደግሞ ማንም ጋ የለም። የልጆች ፎቶና የትምህርት ማስረጃ እዚያ ውስጥ ተቆልፎ ሲቀር ዲስኩን ፎርማት ከማድረግ፣ ማለትም ሁሉን ከማጥፋት፣ በቀር መፍትሔ ያለው ባለሙያ አይገኝም። ስለዚህ ዛሬውኑ ስታርት ላይ ቢትሎከር (BitLocker፣ ዲስኩን የሚመሰጥረው የዊንዶውስ መሣሪያ) ብለው ይጻፉ፤ ዲስኩ ከተመሰጠረ ቁልፉን በፍላሽ ያስቀምጡ ወይም በወረቀት ያትሙት፤ ወረቀቱም ከላፕቶፑ ቦርሳ ውጪ ይቀመጥ። ላፕቶፕ የምትልኩ ዘመዶችም በራሳችሁ አካውንት ባትከፍቱት ትልቅ ውለታ ነው።

«ሎካል አካውንት ከሌባም ከማይክሮሶፍትም ይሰውረኛል»

ከሁለቱም አይሰውርም። በሎካል አካውንት ብቻ በተከፈተ የሆም ኮምፒውተር ላይ ምስጠራው ጥበቃ አይሰጥም፤ ሌባ ዲስኩን አውጥቶ ማንበብ ይችላል። ፕሮ ያለው ግን ቢትሎከርን ራሱ አብርቶ ቁልፉን በእጁ መያዝ ይችላል፤ ለእኔ የሚሻለው ይህ ነው። ስለ ኮምፒውተሩ አሠራር ግዴታ የተባለው መረጃም ወደ ማይክሮሶፍት መሄዱን ይቀጥላል፤ ተጨማሪውን «ፕራይቬሲ» ውስጥ ማጥፋት ይቻላል።

«ፓስዎርድ ብረሳ በሎካል አካውንት መመለሻ የለኝም»

አለ። አካውንቱ ሲፈጠር ሦስት የደኅንነት ጥያቄዎች ይቀርባሉ፤ ፓስዎርድ ሲሳሳቱ በመልሶቹ አዲስ ማውጣት ይቻላል። የተወለዱበትን ከተማ ጎረቤት ሁሉ ስለሚያውቅ፣ መልሱ እውነት መሆን እንደሌለበት ልብ ይበሉ፤ እርስዎ ብቻ የሚያስታውሱት ይሁን።