ኡድና ኤሌክትሮኒክ ድምፅ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ኡድ የተባለውን የዓረቦች ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ ከኮምፒውተር ድምፅ ጋር ማዋሐድ ለአንዳንዱ ድፍረት፣ ለሌላው ርካሽ ፋሽን ነው። ሁለቱም ወገኖች የሚደገፉባቸው ሐሳቦች ሲፈተሹ ግን አብዛኞቹ አይጸኑም።

«ከአውሮፓ የመጣ አዲስ ነገር ነው»

አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1944 ግብፃዊው ሐሊም ኤል-ዳብ ከአንድ የካይሮ ሬዲዮ ጣቢያ በሽቦ ላይ ድምፅ የሚቀርጽ መሣሪያ ተውሶ የዛር ሥነ ሥርዓት ቀረጸ። ከዚያም በጣቢያው ውስጥ ድምፁን እያስተጋባ፣ መሠረታዊውን ቃና እያስወገደ፣ ደግሞ ደጋግሞ እየቀረጸ ፍጹም ሌላ ሙዚቃ አደረገው። የተቀረጸ ድምፅን ለውጦ ሙዚቃ በማድረግ ፈር ቀዳጅ እየተባለ የሚጠቀሰው ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር የመጀመሪያ ሥራዎቹን ያሰማው በ1948 ነው። የኤል-ዳብ ቅጂ የኡድ ሙዚቃ አይደለም፤ ነገር ግን የአካባቢውን ባህላዊ ድምፅ በመሣሪያ የመለወጥ ሐሳብ ካይሮ ውስጥ መወለዱን ያሳያል። ሰውዬው ለእኛም ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል፤ ክራርን፣ ማሲንቆንና ዋሽንትን በአንድ መድረክ ያሰባሰበውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን የመሠረተውም እርሱ ነው።

«ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የዓረብ ቅኝት አይችልም»

ይህ አባባል ጸንቶ የኖረው ግማሽ እውነት ስላለው ነው። ማቃም የሚባሉት የዓረብ ቅኝቶች በፒያኖ ሁለት ጎረቤት ቁልፎች መካከል የሚወድቁ ድምፆች አሏቸው። ራስት የሚባለው ቅኝት ሦስተኛ ድምፁ እንዲህ ነው፤ ባያቲ የሚባለው ቅኝት ሁለተኛ ድምፁም እንዲሁ። ኡድ አንገቱ ላይ ፍሬት (የጣትን ማረፊያ የሚወስን ዘንግ) ስለሌለው ጣት በፈለገበት ያርፋል። ፒያኖ ይህን አይችልም፤ በ1932 በካይሮ በተካሄደው የዓረብ ሙዚቃ ጉባኤ ብርቱ ክርክር ያስነሣውም ይኸው ነበር።

ድምፅን በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚፈጥረው ሲንተሳይዘር ግን ፒያኖ አይደለም። በሁለት ጎረቤት ቁልፎች መካከል ያለው ርቀት፣ ማለትም አንድ ግማሽ ድምፅ፣ ሴንት በሚባሉ 100 ክፍሎች ይከፈላል፤ የተፈለገውን ቁልፍ ብቻ መርጦ 50 ሴንት ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ለዓረብ አገሮች ተብለው የሚሠሩ ኪቦርዶች ይህን በአንድ ንክኪ ይፈጽማሉ። ሆኖም 50 ሴንትም ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። የራስት ሦስተኛ ድምፅ በኢስታንቡል ከካይሮው ከፍ ይላል፤ ተጫዋቹም እንደ ዜማው አቅጣጫ ትንሽ ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። ስለዚህ አስቀድሞ ኡዱን ቀርጾ ሲንተሳይዘሩን ከኡዱ ጋር ማቃኘት ይገባል። ብዙዎች በተቃራኒው ይሠራሉ፦ ቃና የሚያርመው ሶፍትዌር የኡዱን ድምፅ በግድ ወደ ቅርቡ ቁልፍ ይጎትተዋል፣ ራስት የነበረው ሜጀር የሚባለው ተራ የምዕራባውያን ቅኝት ሆኖ ያርፋል። እንዲህ ያለውን ሥራ ስሰማ ያንገበግበኛል። ጥፋቱ የባለሙያው እንጂ የመሣሪያው አይደለም።

«ከበሮ መጨመር ብቻ ነው»

ኡድ ተጫዋች ብቻውን ሆኖ በቅኝቱ ውስጥ የሚዘዋወርበት ታቅሲም ቋሚ ምት የለውም። ቋሚ ምት ከሥሩ ሲነጠፍ ትንፋሹ ይቆረጣል። ፍልስጤማዊቷ ድምፃዊትና ኡድ ተጫዋች ካሚሊያ ጁብራን ከስዊዘርላንዳዊው ቨርነር ሃስለር ጋር የሠራቻቸውን ሥራዎች የምወደው ለዚህ ነው፤ ኤሌክትሮኒኩ ለዝምታዋ ቦታ ይሰጣል። መህዲ ሐዳብና ስማጅ በዱኡድ ቡድናቸው ደግሞ ሁለት ኡዶችን ከከባድ ምት ጋር አጋጥመዋል። ያም ያምራል፤ ዜማው ገና ከጅምሩ ለምት ታስቦ የተሠራ ነውና።

«ባህሉን ያጠፋዋል»

ኡድ መሥራትና መጫወት በ2022 በኢራንና በሶርያ ስም በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። የእንጨት ኡድ ሠሪዎችን ሥራ የሚያስፈታው ጦርነትና ስደት እንጂ ኮምፒውተር አይደለም።

«ኤሌክትሪክ ኡድ ኡድ አይባልም»

ክፍት ሆድ ያለው ኡድ ከትልቅ ድምፅ ማጉያ አጠገብ ሲቀመጥ የራሱን ድምፅ መልሶ እየተቀበለ ያፏጫል። ሆዱ የተደፈነ፣ ንዝረቱን ከክሩ የሚቀበል ኡድ የተሠራው ይህን ችግር ለመፍታት ነው። አንገቱ ያው ነው፣ ፍሬትም የለውም። የእንጨቱ ሙቀት መቀነሱ እውነት ነው፤ ስለዚህ ጩኸት በሌለበት ስቱዲዮ ውስጥ አሁንም ባለ ሆዱን ኡድ በማይክሮፎን መቅረጽ ይሻላል።